«አማርኛ ይበቃቸዋል» ያልነው እኛ ነን



ከከሚሴ ወጣ ብሎ ወደ ጨፋ ሜዳ በሚወስደው መንገድ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አንጽፍም፤ እማማ እንላቸዋለን። ጌታን ከተቀበሉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። የማክሰኞ የቤት ለቤት ጸሎታችን በእርሳቸው ቤት ነው፤ ቡናውም፣ ቆሎውም፣ ምርቃቱም ከእርሳቸው ነው። አንድ ማክሰኞ ሉቃስ 15ን ከፍተን ስለ ጠፋው ልጅ ሰበክን። እማማም እንደ ወትሯቸው በየመካከሉ «አሜን» ይላሉ። ከጸሎት በኋላ ሰባተኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጃቸው በስልኳ የአፋን ኦሮሞውን መጽሐፍ ቅዱስ ከፍታ ያንኑ ክፍል ማንበብ ጀመረች። እኛም ልጅቱን ለማበረታታት ያህል ዝም ብለን አዳመጥን። እውነቱን ለመናገር ጫማችንን እየፈለግን ነበር።

እማማ በድንገት እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። «ድገሚው» አሏት። ደገመችው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «ያ ኢልመ ኮ፣ አባትየው ሮጠ እንዴ?» ብለው ጠየቁን።

አዎ፣ ሮጧል። በሉቃስ 15፥20 ላይ አባትየው ልጁን ገና በሩቅ አይቶ ይሮጣል። እማማም ራሳቸውን እየነቀነቁ ከብት ያለው፣ ልጅ የዳረ፣ በሽምግልና የተቀመጠ ሰው በዚህ አገር ለማንም እንደማይሮጥ፣ እንኳን ንብረቱን በትኖ ለመጣ ልጅ ቀርቶ ለእንግዳም ቢሆን እንደማይሮጥ ነገሩን። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ይህን ክፍል እኛ በዚያ ቤት ቢያንስ አራት ጊዜ ሰብከነዋል፤ አራት ጊዜም «አሜን» ብለውልናል። አባትየው የሮጠው ግን በዚያ ማክሰኞ ነው።

ወገኖች፣ ይህን የምንጽፈው ለማስለቀስ አይደለም፤ ለመከራከር ነው። መጀመሪያ የምንከራከረውም ከራሳችን ጋር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የአገልጋዮች ስብሰባ ላይ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ባሉ አጥቢያዎች በኦሮምኛ የሚመራ የቃል ጥናት ይጀመር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አንድ ወንድም ተነሥቶ «እነዚህ ሰዎች እኮ ሰንበቴ ገበያ በአማርኛ ይገበያያሉ፣ ባቲም በአማርኛ ይከራከራሉ፣ ፍርድ ቤትም ይናገሩታል። አማርኛ ይበቃቸዋል» አለ። ማንም አልተቃወመም። እኛም አልተቃወምንም፤ እንዲያውም ራሳችንን ነቀነቅን። አጀንዳው ወደ ወንበር ግዢ ተሻገረ።

አሁን ያንን ወንድም ብናገኘው የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ሰው በየትኛው ቋንቋ ሽንኩርት እንደሚሸጥ ሳይሆን፣ ልጁ ስትሞትበት በየትኛው ቋንቋ ያለቅሳል? ሲያመው በምን ያቃስታል? ሕልም ሲያይ በምን ያያል? የገበያ ቋንቋ ዋጋ ለመጠየቅ ይበቃል። በዋጋ የተገዛን መሆናችንን ለማስረዳት መብቃቱን ግን ማናችንም መርምረን አናውቅም። እማማ በአማርኛ «አሜን» ሲሉን ገባቸው ብለን ተቀበልን። «ምን ሰሙ?» ብለን አንድ ቀን አልጠየቅናቸውም።

የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ሥራን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ይህ ጥያቄ የሥራው እምብርት እንደሆነ ያውቃል። ተርጓሚው አንድ ምዕራፍ ረቂቅ ካዘጋጀ በኋላ ጽሑፉን ቀድሞ ላላዩት፣ የቋንቋው ባለቤት ለሆኑ ተራ ሰዎች ያነብላቸዋል። አራሽ፣ ባልቴት፣ እረኛ ይቀመጣሉ። ከዚያ «ምን ሰማችሁ? ማን ምን አደረገ? ለምን?» ተብለው ይጠየቃሉ። የሰሙት ሌላ ከሆነ ስሕተቱ በሰሚው ላይ አይላከክም፤ ረቂቁ ይታረማል። ሌላ ሰው ደግሞ ዋናውን ሳያይ ረቂቁን መልሶ ወደ ሌላ ቋንቋ ይገለብጠዋል፤ ምን እንደጎደለና ምን እንደተጨመረ እንዲታይ። በዚህ መንገድ አንድ ወንጌል ዓመታት ሊወስድ ይችላል። እኛ በቲዎሎጂ ኮሌጅ ግሪክኛውን ስንማር ስለ ግሡ ጊዜና ስለ መስተዋድዱ ብዙ አውርተናል፤ ከተመረቅን በኋላ ግን አንዲት ባልቴት አስቀምጠን «ምን ሰሙ?» አላልንም።

«ግን ጌታ ቋንቋ አይገድበውም» የሚል መልስ እንሰማለን። እውነት ነው፤ እርሱን አይገድበውም። ስለዚህም ነው በሐዋርያት ሥራ 2 የመጣው ሕዝብ ሁሉ ግሪክኛ ይችል ሊሆን ሲችል፣ መንፈስ ቅዱስ በዚያ ሳይወሰን እያንዳንዱን በተወለደበት ቋንቋ ያናገረው። ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ደረጃ ላይ ቆሞ ሊገድሉት ለተሰበሰቡት በቋንቋቸው ሲጀምር ይበልጥ ጸጥ ማለታቸውን ሉቃስ ሳይጽፍ አላለፈም (ሐዋ. 22፥2)። ማርቆስም ጌታ ለኢያኢሮስ ልጅ የተናገራትን ቃል በእናቷ ቤት ቋንቋ እንዳለ አስቀምጦታል፤ ጣሊታ ኩሚ። የሞተች የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የምትቀሰቀሰው እናቷ ጠዋት ጠዋት በምትቀሰቅስበት ቋንቋ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ የሆንን ደግሞ ታሪካችንን ብናስታውስ እናፍራለን። «ግዕዝ እያለ አማርኛ ለምን?» የተባለበት ዘመን ነበር። አማርኛ የገበያና የቤት ቋንቋ ነበር፤ ግዕዝ የመጽሐፍ። ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ የመለሰው አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነው። በካይሮ ተቀምጦ፣ አስላን ደ ሼርቪል በሚባል ፈረንሳዊ ቆንስል ጠያቂነት፣ ከእ.ኤ.አ. 1808 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ደከመ። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። ዛሬ «በአማርኛ ይበቃል» የሚለው አፍ አማርኛውን ያገኘው «ግዕዝ ይበቃል» የሚለውን ያልሰማ አንድ ሰው ስለ ነበረ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳፍረን ግን ሌላ ነው። በወሎ የምንኖር ሁላችን መንዙማ ሰምተናል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቁርኣን በዓረብኛ የወረደ ነው፣ ትርጉሙ ያው ቁርኣን አይደለም ብለው ያምናሉ። እንዲህ እያመኑ ግን የወሎ ሼሆች ሕዝቡን ያስተማሩት ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ነው። በአማርኛም በኦሮምኛም መንዙማ ደረሱ፤ በዓረብኛ ፊደል፣ አጀም በሚባለው ጽሕፈት፣ የአገሩን ቋንቋ ጻፉበት። ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር አማርኛውን በአጀም ከጻፉት መካከል ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ መጽሐፋችን አይተረጎምም የሚሉት ወደ ሕዝቡ ቋንቋ ወረዱ። ቃል ሥጋ ሆነ ብለን የምናምነው፣ መጽሐፋችን ለሁሉም ቋንቋ ነው የምንለው እኛ፣ ከሚሴ ላይ ሆነን «አስተርጓሚ አለ» እንላለን። አስተርጓሚውም ብዙ ጊዜ እሑድ ከመድረኩ ሥር ተፈልጎ የሚገኝ፣ ያልተዘጋጀ ልጅ ነው። (አንድ ጊዜ «በጉ» የሚለው ቃል በስብከቱ ሁሉ «ጥሩው» እየተባለ እንደተተረጎመ የሰማነው ከሳምንት በኋላ ነው።)

ሌላው መልስ ጠንከር ያለ ነው፤ «የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እኮ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አለቀ፣ ምን ትፈልጋላችሁ?» የሚለው። አዎ፣ አለ፤ ለዚያም ጌታን እናመሰግናለን። በሕፃንነቱ ተሸጦ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ የልጅነት ስሙ ሂካ ነበር፤ በኦሮምኛ መፍታትንም መተርጎምንም ከሚያመለክተው ግሥ የወጣ ስም ነው። (በአማርኛችንም «አፍ መፍቻ» እንላለን፤ ቋንቋ የታሰረውን የሚፈታ ነገር መሆኑን ሁለቱም ሕዝብ ያውቃል።) አዲስ ኪዳኑ በ1893 ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ በቅድስት ክሪሾና ታተመ። ፊደሉ የግዕዝ ፊደል ነበር።

ብዙዎቻችን የማንጠራት ግን አስቴር ጋኖ ናት። እርሷም ወደ ዓረብ አገር ለመሸጥ በመርከብ ስትወሰድ ተይዛ ነጻ የወጣች ልጅ ናት። ኦኔሲሞስ ከወገኑ መካከል የተነጠቀው ገና ሕፃን ሳለ ስለ ሆነ የቋንቋውን ጥልቀት ከእርሱ ይልቅ እርሷ ይዛለች። ቃላቱን ሰበሰበች፤ ተረቱን፣ እንቆቅልሹን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩን፣ ዘፈኑን 500 ያህል ጻፈች፤ ከዚያም ውስጥ ብዙው በ1894 በወጣው የንባብ መማሪያ ታተመ። በመጽሐፍ ቅዱሱ የርዕስ ገጽ ላይ ስሟ የለም። መጽሐፉ ግን ሰው ሰው የሚሸተው እናቶች እሳት ዳር የሚያወሩትን የምታውቅ ሴት ስለ ነበረችበት ነው ብለን እናምናለን።

ከእነርሱም በፊት ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ አለ። አንኮበር ሳለ ወንጌልን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ የጀመረው ይህ ሰው በ1842 ወደ ሰሜን ሲጓዝ እዚሁ ወሎ ውስጥ በአዳራ ቢሌ እጅ ወድቆ ንብረቱን ተዘርፏል። ሆኖም በተዘረፈበት ሕዝብ ቋንቋ የጀመረውን ሥራ አልተወም፤ ሩፎ የሚባል ከባርነት ነጻ የወጣ ኦሮሞ ረድቶት የኦሮምኛው አዲስ ኪዳን በ1876 ታተመ። እኛ በከሚሴ ማንም አልዘረፈንም፤ ቡና ነው የሚያፈሉልን።

ታዲያ ሥራው አላለቀም የምንለው ለምንድር ነው? የኦኔሲሞስና የአስቴር መጽሐፍ በምዕራቡ ኦሮምኛ ላይ የቆመ ነው። የወሎው ኦሮምኛ የራሱ ዘዬ አለው፤ ከአማርኛ ጋር ለዘመናት አብሮ ኖሯል፣ በእስልምናም በኩል ብዙ የዓረብኛ ቃል ገብቶበታል። እማማ ቤት ያቺ ልጅ ስታነብ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ አያቷ «ምን ማለት ነው?» ብለዋታል፤ እርሷም «ወለጋዎች እንዲህ ይላሉ መሰለኝ» ብላ አልፋለች። አንድ ምሳሌ ብቻ እንጨምር። በዚህ አገር ሰው እግዚአብሔርን «ረቢ» ብሎ ይጠራል፤ አማርኛ ተናጋሪው ሳይቀር። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን በዮሐንስ 1፥38 ግን «ረቢ» የተባለው በዕብራይስጡ ልማድ መምህር ለማለት ነው። እንግዲህ ይህን ክፍል ለከሚሴ ሰው ሳንፈታ ስናነብ ምን እየሰማ ነው? ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ገና በመጀመሪያው ቀን «አምላኬ» አሉት ብሎ ሊሰማ ይችላል። ከዚህ በኋላ የሚነሣውን ክርክር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ምንጩ ክፋት ሳይሆን አንድ ያልተብራራ ቃል ሊሆን ይችላል። «ዋቀዮ» እንበል ወይስ «ረቢ» የሚለውም ቢሆን ቢሮ ተቀምጠን የምንወስነው አይደለም። ሕዝቡን አስቀምጦ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፊደሉም አለ። በዞኑ ትምህርት ቤቶች ልጆች አፋን ኦሮሞን የሚማሩት በቁቤ ነው። ማንበብ የሚችሉት አባቶች ደግሞ የሚያውቁት የግዕዙን ፊደል ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት ልጅ የሚያነበውን አባት አያነበውም፤ አባት የሚያነበውን ልጅ ያዛጋበታል። በዚህ ላይ ወገኖች በፊደል ሲጣሉ አይተናል፤ አንዱ ቁቤ ካልሆነ፣ ሌላው ፊደል ካልሆነ ይላል። ጆሮ ግን ፊደል አይመርጥም። እማማ አንዱንም አያነቡም፤ የሰሙት በጆሯቸው ነው።

ስለ ፖለቲካውም ሳንናገር ብናልፍ ፈሪዎች እንሆናለን። «የቋንቋ ነገር እሳት ነው፣ ቤተ ክርስቲያን አትግባበት» ይሉናል። እሳት መሆኑን እናውቃለን። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዙሪያዋ የሆነውን፣ የተቃጠለውን ቤት፣ ከሁለቱም ወገን የተቀበረውን ሰው አንረሳም፤ ሰው በመንገድ ላይ አፉን ለመክፈት የፈራባቸውን ቀናትም አንረሳም። በመሳፍንት 12 የዮርዳኖስን መሻገሪያ የያዙት ሰዎች አንዲት ቃል እያስጠሩ «ሺ» ማለት አቅቶት «ሲ» ያለውን ሁሉ ያርዱ ነበር። ጴጥሮስም በሊቀ ካህናቱ ግቢ የታወቀው በገሊላ አነጋገሩ ነው። ዘዬ ሰው ማረጃ ሲሆን መጽሐፉ አይቷል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ከቋንቋ ትሽሽ ማለት ቋንቋውን ለመሻገሪያው ጠባቂዎች መተው ነው። በአማርኛ ብቻ መስበክም ከፖለቲካ ነጻ አያወጣንም፤ የምናነጋግረው ሰው ምርጫችንን ያነበዋል። የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ እንደ ባንዲራ የሚያውለበልቡ ወጣቶቻችንንም እንላለን፦ ልጆቻችን፣ መጽሐፉን አንብቡት እንጂ አታውለብልቡት። አማርኛ ተናጋሪው ወንድማችሁ በእናቱ ቋንቋ የመስማት መብቱን ያጣው በእናንተ ምክንያት እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ሁለት ቋንቋ ባለበት ቤት ሁለቱም ይነበባል፤ ቢረዝምም ይረዝማል። ነህምያ 8 ላይ ሕዝቡ ከማለዳ እስከ ቀትር ቆሞ ሰምቷል፣ ሌዋውያኑም ትርጉሙን አብራርተዋል።

አርጎባዎችን ሳናነሣ ደግሞ ብናልፍ ለእማማ የጮኽነው ጩኸት ሐሰት ይሆንብናል። በሾንኬና በጦለሃ ተራራ ላይ አርጎብኛ እስካሁን ይነገራል። ሌላው አርጎባ በአብዛኛው ወደ አማርኛ ወይም ወደ ኦሮምኛ ተሻግሯል። ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ የሌለው ቋንቋ ነው። «ጥቂት ናቸው፣ ሁሉም ሙስሊሞች ናቸው፣ ለማን ይተረጎማል?» ያለን ሰው አለ። መቶውን በጎች የቆጠረው እረኛ በዚህ ሒሳብ አልሠራም፤ ያው ሉቃስ 15 ነው። ይህን ስንል ማንንም ጎረቤታችንን በቋንቋው ለማጥመድ አይደለም። ሾንኬ ላይ የሚኖር ሰው ስለ ኢሳ ሊጠይቅ ቢፈልግ ጥያቄውን በእናቱ ቋንቋ የመጠየቅ፣ መልሱንም በዚያው ሰምቶ የመቀበል ወይም ያለመቀበል ክብር ይገባዋል። ባልገባው ነገር ላይ «አይሆንም» ያለ ሰው ገና አልተጠየቀም።

አዲስ መጽሐፍ ቅዱስ ነገ ይታተም አንልም። ያ የብዙ ዓመት፣ የብዙ ሰው፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበራችንና የአብያተ ክርስቲያናት የጋራ ሥራ ነው። የእኛ ድርሻ የሆነውን ትንሹን ጀምረናል። ማክሰኞ ማክሰኞ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ እማማ ቤት ያቺ ልጅ ከሉቃስ ወንጌል በኦሮምኛ ታነባለች። ሰሚዎች የሰሙትን መልሰው ይናገራሉ፤ ያልገባቸውን ቃል፣ በእኛ አገር እንዲህ ይባላል ያሉትን ሁሉ በደብተር እንጽፋለን፣ በስልክም እንቀዳለን። ደብተሩ አንድ ቀን የወሎውን ዘዬ ለሚያጠኑ ተርጓሚዎች ይጠቅም ይሆናል። እስከ ምዕራፍ ስድስት ደርሰናል። እኛም በሃምሳ ዓመታችን ቁቤ ማንበብ እየተማርን ነው፤ አስተማሪያችን የሰባተኛ ክፍል ተማሪዋ ናት፣ ስንሳሳትም ትቆጣለች።

የወሎ ኦሮምኛ የሚናገር፣ ቁቤ ማንበብ የሚችል፣ ወይም አርጎብኛ የሚያውቅና ሊያግዘን የሚወድ ካለ ማክሰኞ ይምጣ። ቁጭ ብሎ ለመስማትና ለመጠየቅ ብቻ የሚመጣም ካለ ቡናው ለሁሉም ነው። እማማ አሁንም የሚጠይቁት ስለ ሉቃስ 15 ነው። ወንድማቸው ከባቲ ሲመጡ ያ የሮጠው አባት እንዲነበብላቸው ይፈልጋሉ፤ እኛ ግን ተራው ገና ነው ብንላቸው እሺ አላሉንም።